ከሳጥኑ የወጣው አውሮፕላን



ውድ አንባቢያን፣ ለመሆኑ ትዳርና ልጆች ያሉት፣ ጺሙ መሸበት የጀመረ ሰው ሜዳ ወጥቶ አውሮፕላን ቢያበር ምን ይባላል? ሰው የሚሳፈርበትን አውሮፕላን ማለታችን አይደለም። ርዝመቱ ከሁለት ክንድ የማይበልጠውን፣ በእጅ ተሠርቶ በእጅ የሚወረወረውን ወይም ከርቀት በሪሞት የሚመራውን ሞዴል አውሮፕላን ማለታችን ነው። እኛ በምንኖርባት በአዲስ ቅዳም መልሱን ደጋግመን ሰምተነዋል። አንዳንዱ «ሥራ ፈቶች» ይለናል። አንዳንዱ ስቆ ያልፋል። በመስጊድ የምናከብራቸው አንድ አባት ግን ጠጋ ብለው በቅንነት «ልጆቼ፣ ይህ ነገር ለህው አይሆንባችሁም ወይ?» ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄያቸው ክብደት ያለው በመሆኑ፣ እንዲህ ያለ ነገር በልቡ ይዞ ሰው ያፈረ ወንድም አይጠፋም በሚል መልሳችንን ለአንባቢያን ልናካፍል ወደድን።

«እኛ» የምንለው ሁለት ወንድማማቾችን ነው። በጂዳ ከተማ ለበርካታ ዓመታት ስንሠራ፣ አንድ ፓኪስታናዊ የሥራ ባልደረባችን በሪሞት የሚመራ ሞዴል አውሮፕላን ነበረው። ጁሙዓ ቀን ዐስርን ከሰገድን በኋላ ከከተማው ወጣ ወዳለው ገላጣ በረሃ ይወስደንና ተራ በተራ ያስይዘን ነበር። ውሎ አድሮ ገንዘብ አዋጥተን አንድ ያገለገለ አውሮፕላን ከነሪሞቱ ገዛን። ሳምንቱን ሙሉ በሰው ትእዛዝ ሲንቀሳቀስ የሚውል ሠራተኛ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት እንኳ አንድ ነገር ለጣቱ ሲታዘዝለት ምን እንደሚሰማው ስደትን ያየ ሰው ይረዳዋል።

በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ የውጭ ዜጎችን በብዛት ስታስወጣ ከ150,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ አገራቸው ገቡ። እኛም በዚያው ሰሞን ጓዛችንን ጠቅልለን ተመለስን። ከጓዙ መካከል አንዱ አውሮፕላኑ የታሸገበት የካርቶን ሳጥን ነበር። ከዚያ በኋላ ሱቅ ተከፈተ፣ ልጆች ተወለዱ፣ ዕዳ ተከፈለ፣ ሌላ ዕዳ ተገባ። ሳጥኑም ቁም ሳጥን ላይ ወጥቶ 10 ዓመት ተቀመጠ።

ያስወረደን የቴሌቪዥን ዜና ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን ከጣሊያን ወደ አገሯ ተመለሰች። ይህች ትንሽ አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ1935 በጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር መሪነት ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ተሳትፈውበት እዚሁ አገራችን የተሠራች፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመች፣ በወረራው ዘመን ወደ ጣሊያን ተወስዳ በሙዚየም የኖረች ናት። 90 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት መምጣቷ ነው። ዜናውን አብራን የምታይ የ11 ዓመት ልጃችን ወደ ቁም ሳጥኑ ቀና ብላ «አባ፣ የእናንተውስ መቼ ነው የሚወርደው?» አለች። ምን መልስ ይሰጣታል!

ሳጥኑን ስንከፍት ያየነውን ዘርዘር አድርገን እንንገራችሁ፤ እንዲህ ያለ ዕቃ አስቀምጦ የረሳ ሰው ይጠቀምበት ይሆናልና። የክንፉ ፎም ቢጫ ሆኗል፤ ሲነኩት እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። ክንፉን ከገላው ጋር አጥብቀው የሚይዙት ላስቲኮች ተበጣጥሰዋል። ጅራቱን የምትጎትተው ትንሿ ሞተር ጥርሷ ተጣብቆ አልዞር ብላለች። ከሁሉ የከፋው ባትሪው ነበር። ሊቲየም ፖሊመር የሚባለው የባትሪ ዓይነት ለረጅም ጊዜ ሳይሞላ ሲቀመጥ ኃይሉ ከልክ በታች ይወርድና ውስጡ ይበላሻል። የእኛውም እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ አብጧል። እንዲህ ያበጠ ባትሪ ቻርጀር ላይ አይሰካም፣ አይበሳም፣ እሳትም ውስጥ አይጣልም፤ በድንገት ተቀጣጥሎ ቤት ሊያቃጥል ይችላል። እኛ አሸዋ በተሞላ ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ከትተን ልጆች ከማይደርሱበት ከቤት ራቅ ያለ ቦታ አስቀመጥነው። ይህንን ሁሉ በር ላይ ቆማ ታይ የነበረችው የታላቅየው ባለቤት «አሥር ዓመት ሙሉ አቧራውን የጠረግሁት እኔ ነኝ፤ ሲበር ድርሻዬን እንዳታጎድሉብኝ» ብላ ሳቀች።

ሙያውም በ10 ዓመት ውስጥ ጥሎን ሄዷል። የእኛ ሪሞት የአሮጌው ዘመን ነው። በዚያ ዓይነት ሪሞት ሁለት ሰዎች በአንድ ሞገድ ላይ ከከፈቱ አንዱ የሌላውን አውሮፕላን ይጥልበት ስለነበር፣ ማንም ከማብራቱ በፊት «ቁጥርህ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነበር። ዛሬ ሪሞቶቹ በ2.4 ጊጋ ኸርዝ እየሠሩ፣ እያንዳንዱ ከራሱ ተቀባይ ጋር ብቻ ስለሚነጋገር ያ ስጋት ቀርቷል። በሜታኖልና በጉሎ ዘይት ቅልቅል የሚሠሩት፣ ጢሳቸው ልብስ የሚያበላሽ ትንንሽ ሞተሮች በአብዛኛው ቦታቸውን ለኤሌክትሪክ ሞተር ለቅቀዋል። አውሮፕላኑ ሲያዘነብል በራሱ የሚያቃና መሣሪያም አለ። በሌላው ዓለም ከ20 እና ከ30 ዓመት በኋላ ወደዚህ ነገር የሚመለሱ ሰዎች በርካታ ናቸው፤ ብዙዎቹ የሚደነቁት በዚሁ ነው።

መሣሪያው ቢቀልም የጣት ትምህርት ግን አልቀለለም። አውሮፕላኑ ከእናንተ ሲርቅ ቀኝ ቀኝ ነው፣ ግራም ግራ ነው። ዞሮ ወደ እናንተ ሲመጣ ግን ይገለበጣል፤ ወደ ቀኝ ስታዙት በዓይናችሁ ፊት ወደ ግራችሁ ይሄዳል። በጂዳ ሳለን ይህ ነገር ሳናስበው ከጣታችን ይወጣ ነበር። አሁን በወንድማችን ልጅ ኮምፒውተር ላይ በመለማመጃ ፕሮግራም ስንሞክረው አንደኛችን በመጀመሪያው ምሽት አውሮፕላኑን 14 ጊዜ መሬት ላይ ተከለው። ልጆቹ ቆጥረው በወረቀት ጽፈውታል። የኮምፒውተር አውሮፕላን ወድቆ አይሰበርም፣ ሰውም አይጎዳም፤ ስለዚህ ለተመላሽ ሰው ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላገኘንለትም።

ይሁንና ከኮምፒውተሩ ወደ ሜዳው በሪሞት መውጣት በአገራችን እንደ ጂዳው በረሃ ቀላል አይደለም። ያለ ሰው የሚበር፣ ከርቀት የሚመራ ነገር ወደ አገር ለማስገባትም ሆነ ለማብረር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ጉዳዩ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርንም የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንንም ይመለከታል። ሕግ ባይኖር እንኳ ጎረቤት አለ። ክልላችን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ባየው ግጭት ምክንያት ሰው ወደ ሰማይ ቀና የሚለው ዝናብ ለመፈለግ ብቻ አይደለም። የሚያጉረመርም ድምፅ ሲሰማ እናት ልጇን ወደ ቤት ትጠራለች። ታዲያ እኛ ለጨዋታችን ብለን በእንዲህ ያለ ሰፈር ላይ ሞተር እናስጮህ? ሙስሊም ማለት ሰዎች ከእጁና ከምላሱ ሰላም የሆኑለት ሰው መሆኑን የሚያስተምረንን ሐዲስ ሁላችንም ከልጅነት ጀምሮ እናውቀዋለን። ጎረቤትን ማስደንገጥ ደግሞ በእጅ ብቻ አይደለም። በመሆኑም ሪሞቱን ወደ ሳጥኑ መልሰን ሞተር የሌለውን፣ ድምፅ የማያሰማውን አውሮፕላን ለመሥራት ተስማማን።

እዚህ ላይ አላህ ለአገራችን የሰጠው ጸጋ አገዘን። የአዊ ደጋ የቀርከሃ አገር ነው። በሌላው ዓለም ሞዴል ሠሪዎች በውድ የሚገዙት ባልሳ የሚባለው ቀላል እንጨት ከኛ ዘንድ የለም፤ ቀርከሃ ግን ከእንጅባራ አካባቢ በትከሻ ይመጣል። ቀርከሃ ከባልሳ ይከብዳል፤ ግን ጠንካራ ስለሆነ በጣም አቅጥኖ መሰንጠቅ ይቻላል። ብርታቱ ከውጭ ባለው ቅርፊቱ ላይ ነውና የውስጡ ለስላሳ ክፍል ተፍቆ ይጣላል። አንጓ የሌለበትን መርጦ፣ በቢላዋ አስጀምሮ፣ ከዚያ በኋላ በእጅ እየከፈቱ መሰንጠቅ ነው፤ ቢላዋው ከገፋ ስንጥቁ ወደ ጎን ይወጣል። ለማጉበጥ ከሻማ ነበልባል በላይ ከፍ አድርጎ ማሞቅና ቀስ ብሎ መጫን፣ እስኪበርድ ድረስም እንደያዙ መቆየት ነው። በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፣ በክር ይታሰራል፣ ኮላ ይቀባል። ክንፉን የምናለብሰው ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ በሚገኘው ስስ ወረቀት ነው። በዚህ ምክንያት በሰፈራችን ጫማ የገዛ ሰው ሁሉ ወረቀቱን ለኛ ልጆች ማምጣት ልማድ አድርጎታል።

የመጀመሪያው አውሮፕላን በጂዳ የለመድነውን ልክ ይዞ የተሠራ ነበር። ስንወረውረው እንደ ድንጋይ ቸኩሎ ወረደ። ሠሪው ሳይሆን አየሩ ነው ምክንያቱ። ጂዳ በባሕር ዳርቻ ላይ ናት፤ አዲስ ቅዳም ግን ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር ክንፍን የሚደግፈው በትንሹ ነው፤ ስለዚህ ያው አውሮፕላን በአየር ላይ ለመቆየት ከአሥር አንድ እጅ ያህል ጨምሮ መፍጠን አለበት። ትልልቆቹ አውሮፕላኖች አዲስ አበባ ላይ ለመነሳት ረጅም ማኮብኮቢያ የሚሹት በዚሁ ምክንያት ነው። እኛ ማኮብኮቢያ የለንም፤ ያለን አማራጭ ክንፉን ማስፋት ወይም ክብደቱን መቀነስ ነበር። ሁለቱንም አደረግን።

ቀጥሎ የመጣው የሚዛን ጉዳይ ነው። አውሮፕላኑን ከክንፉ ሥር በሁለት ጣት ስትደግፉት ሚዛኑ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ጀምሮ ከክንፉ ስፋት ሩብ እስከ ሲሶ ባለው ቦታ ላይ መዋል አለበት። አፍንጫው ቀና ብሎ፣ ቆም ብሎ፣ ከዚያ ዝቅ እያለ እንደ ሰጋር በቅሎ ራሱን የሚነቀንቅ ከሆነ ፊቱ ቀሏል ማለት ነው፤ የሳንቲም ቁራጭ ወይም ጭቃ ይጨመርለታል። ቀጥ ብሎ መሬት የሚወጋ ከሆነ ግን ፊቱ ከብዷል። ይህን ነገር ከኛ ይልቅ ቀድማ የተረዳችው ያችው የ11 ዓመት ልጅ ናት። ወንድሞቿ በኃይል ሲወረውሩ እሷ ዝም ብላ ጭቃውን እንደ ምስር ፍሬ እያሳነሰች ትለጥፋለች።

ልጆቹ ጅራት ለምን እንደሚያስፈልግ ሲጠይቁን የነገርናቸው ታሪክ ከራሳችን ታሪክ የተወሰደ ነው። በአንዳሉስ፣ በቁርጡባ ከተማ፣ ዐባስ ኢብን ፊርናስ የተባለ ሊቅ ነበር፤ የሞተው እ.ኤ.አ. በ887 ነው። ላባና ክንፍ ለብሶ ከከፍታ ላይ በመነሳት ጥቂት ርቀት እንደበረረ፣ ሲያርፍ ግን ጀርባው እንደተጎዳ አል-መቀሪ የተባለው ታሪክ ጸሐፊ ከብዙ ዘመን በኋላ ዘግቦታል። የውድቀቱንም ምክንያት ሲያስረዳ፣ ወፍ የሚያርፈው በጅራቱ መሆኑን ባለማስተዋል ጅራት ሳይሠራ መቅረቱ ነው ይላል። ልጆቹ ይህን ከሰሙ ወዲህ የሰፈሩን ርግቦች የሚያዩት በሌላ ዓይን ነው። በሱረቱል ሙልክ ወፎች ክንፋቸውን ዘርግተውና ሰብስበው በላያቸው ሲበሩ እንዲመለከቱ ሰዎች የተጠየቁበት፣ የሚይዛቸውም አር-ረሕማን ብቻ መሆኑ የተነገረበት 19ኛው አንቀጽ ቤታችን ውስጥ ብዙ ጊዜ ይቀራል። በፊትም እንቀራው ነበር፤ ቀና ብለን ማየት የጀመርነው ግን አሁን ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ወደ አባታችን ጥያቄ እንመለስ፤ ለህው ነው ወይስ አይደለም? እኛ ዑለማእ አይደለንም፤ ፈትዋም አንሰጥም። የተማርነውን ግን እንናገራለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ጋር በጉዞ ላይ ሳሉ የሩጫ ውድድር ማድረጋቸው፣ በመጀመሪያው እሷ መቅደሟ፣ ከጊዜ በኋላ ሰውነቷ ሲገዝፍ በድጋሚ ተወዳድረው እሳቸው መቅደማቸውና ይህ በዚያኛው ፈንታ ነው ማለታቸው በአቡ ዳውድ የሐዲስ ጥራዝ ተዘግቧል። ብዙዎቻችን ከዚህ ሐዲስ የምናስታውሰው የመጀመሪያውን ሩጫ ነው። እኛን የገረመን ሁለተኛው ነው። በሁለቱ መካከል ዘመን አልፏል። የኡማው ሸክም በትከሻቸው ላይ ያለ ነቢይ ያንን የቆየ ጨዋታ አልረሱትም፤ ከቤተሰብ ጋር የተጀመረ ነገር ነበርና መልሰው ቀጠሉት። በዚህ ላይ እኛ ምን እንጨምራለን?

ድንበር ግን አለው። ሞዴል አውሮፕላን ለማብረር አየሩ ከሚረጋባቸው ጊዜያት አንዱ ከዐስር እስከ መግሪብ ያለው ነው፤ ጸሐይ እያዘቀዘቀች «አንዴ ብቻ፣ አንዴ ብቻ» እየተባለ መግሪብ የሚያልፍበትም ሰዓት ይኸው ነው። ስለዚህ ማለዳውን መረጥን። ፈጅር ተሰግዶ ጸሐይ ከወጣች በኋላ ያለው አየር ደግሞ ከሁሉ የረጋ ነው። ገንዘብ አናሲዝም፤ ከሰፈሩ ወጣቶች አንዳንዶቹ «የማን ይርቃል?» ብለው ብር ሊያወጡ ሲሞክሩ ያን ዕለት ዕቃችንን ሰብስበን ወደ ቤት ገብተናል። ቅዳሜ ገበያተኛው መንገዱን ስለሚሞላው አንወጣም። የምንወጣው እሑድ ነው።

የምንወጣበት ሜዳ የራሱ ታሪክ አለው። ፋግታ ለኮማ ወረዳን የሚያውቅ ሰው ዲከረንስን ያውቃል። ገበሬው ለከሰል ብሎ ይህን ባሕር ማዶኛ ግራር በእርሻውና በግጦሽ መሬቱ ላይ በሰፊው በመትከሉ፣ በልጅነታችን ኳስ የተጫወትንባቸው ሜዳዎች ስንመለስ ጫካ ሆነው ነበር የጠበቁን። የብዙ ቤተሰብ ኑሮም በከሰሉ ተለውጧል፤ የቆርቆሮ ቤት የሠራው፣ ልጅ ያስተማረው ብዙ ነው። በኋላ ግን ዛፉን ቅጠሉን የሚያዝግ የፈንገስ በሽታ ያዘው፤ ተክሉ መድረቅ ጀመረ፤ ባለመሬቶችም እየነቀሉ ወደ እህል መመለስ ያዙ። አውሮፕላናችንን የምናበርበት ቦታ ዲከረንሱ የተነቀለበት የአንድ ዘመዳችን መሬት ነው። እሱ ገቢውን ያጣበት ሜዳ ለእኛ ልጆች ሰማይ ሆነላቸው። ይህን እያወቅን በመሬቱ ላይ መሳቅ አንዳንዴ ይከብደናል። እሱ ራሱ ግን ከልጆቹ ጋር መጥቶ ይወረውራል፤ ጤፉ ከተዘራ በኋላ እንደማንገባበትም ተስማምተናል።

በአንድ የኅዳር እሑድ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ጎረቤቶቻችን ነጠላቸውን እንደለበሱ ከመንገዱ ዳር ቆመው ይመለከቱን ጀመር። ከመካከላቸው አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ከሰው ተለይተው ወደ እኛ መጡ።

«ልጆቼ፣ ይህ ነገር ያያል እንዴ?» አሉን።

«አያይም እማማ፣ ቀርከሃና ወረቀት ነው።»

«ድምፅስ?»

«ድምፅም የለው።»

ልጃችን አውሮፕላኑን በሁለት እጇ አቀረበችላቸው። ተቀብለው መዘኑት፣ ሆዱን ገልብጠው አዩት፣ በጣታቸው ወረቀቱን ነካ ነካ አደረጉት። «ከጫጩት ይቀላል» ብለው መለሱላትና «በሉ አጫውቷቸው፣ እኔም ልይ» ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። በዚያ ቀን ሪሞቱን ሳጥን ውስጥ መተዋችን ምን ያህል ልክ እንደነበረ ለሁለታችንም ግልጽ ሆነልን። ፈቃድ የሚገኝበትን መንገድ መጠየቃችን አልቀረም፤ ቢሰጠን እንኳ የመጀመሪያውን በረራ ከሰፈር ርቀን፣ ለጎረቤቱ ሁሉ አስቀድመን ተናግረን እንደምናደርገው ተነጋግረናል።

አሁን ልጆቹ ከሚወረወረው አልፈው በተጠማዘዘ ላስቲክ ውልብልቢት ወደሚያዞረው ተሻግረዋል። ይህን ዘዴ ያስተዋወቀው ፈረንሳዊው አልፎንስ ፔኖ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1871 ፓሪስ ውስጥ በሰው ፊት ያበረራት ትንሽ አውሮፕላን 11 ሰከንድ በአየር ላይ ቆይታለች። ወንድማማቾቹ ራይትም በልጅነታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1878 አካባቢ፣ በላስቲክ የምትበር መጫወቻ አባታቸው ይዘውላቸው መጥተው ነበር። ልጆቻችን ይህን ከሰሙ ጀምሮ 11 ሰከንድን ማለፍ ዓላማቸው ሆኗል። ሰዓት የሚይዘው የታናሽየው ልጅ ነው፤ በሌላ ሰው ሰዓት አያምንም። እስካሁን የተመዘገበው 9 ሰከንድ ነው። ከብስክሌት ከመነዳሪ እየቆረጥን የምንጠቀምበት ላስቲክ ወፍራምና ሰነፍ በመሆኑ ከባሕር ዳር ስስ ላስቲክ እንዲመጣልን ልከናል፤ ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ሳምንት ይደርሳል።